ዘጠኝ ጥያቄና አንድ ድምር
ስለ ድብርት መመርመሪያ ቅጽ የቀረበ ሂስ

ድብርት የተባለውን የመንፈስ ሕመም ለመለየት ዛሬ በብዙ አገር ሐኪሞች እጅ የሚገኘው «ፒ ኤች ኪው 9» የሚባለው የጥያቄ ቅጽ ነው። ክሮንኬ፣ ስፒትዘርና ዊልያምስ የተባሉ ሊቃውንት የቅጹን አስተማማኝነት መርምረው ውጤቱን በኤውሮፓ አቆጣጠር በ2001 ዓ.ም. አሳተሙ። ከዚያ ወዲህ ለአዋቂ የተዘጋጀው ቅጽ ጥቂት ተለውጦ ለወጣቶች፣ እንዳለም ለስፖርተኞች ሲያገለግል ይታያል። እኛ በዚህ አጭር ጽሑፍ ቅጹ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም ብለን አንከራከርም፤ መጥቀሙን እናምናለን። የምንጠይቀው የአዋቂውን፣ የወጣቱንና የስፖርተኛውን መልስ በአንድ ድምር መመዘን ተገቢ ነውን ብለን ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ተጠያቂው ባለፉት ሁለት ሳምንታት ዘጠኝ ዓይነት ችግር ምን ያህል ጊዜ እንደ ደረሰበት ይናገራል፤ ለእያንዳንዱም ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይያዛል፤ ድምሩ ከ27 አይበልጥም። ብዙውን ጊዜ 10 የደረሰ ሰው በሐኪም ሊታይ ይገባዋል ይባላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ስለ ደስታ ማጣትና ስለ ኀዘን ናቸው፤ ዘጠነኛው ግን ሰውየው ሞቱን መመኘቱን ወይም ራሱን ለመጉዳት ማሰቡን ይጠይቃል።

እስቲ እንደምር። ለማራቶን የሚዘጋጅ አንድ ሯጭ እናስብ። ልምምዱ በጠነከረበት ወራት በየቀኑ ይደክመዋል፤ 3። እንቅልፉ ይዛባል፤ 3። የምግብ ፍላጎቱ ይቀንሳል፤ 2። ሐሳቡን መሰብሰብ ይቸግረዋል፤ 2። ሰውየው ሳያዝን፣ ሩጫውንም ሳይጠላ 10 ሞላ። በሌላ ወገን አንዲት የ16 ዓመት ተማሪ ስምንቱን ጥያቄዎች «ምንም የለብኝም» ብላ አልፋ በዘጠነኛው ላይ ብቻ «አንዳንድ ቀን» ብትል ድምሯ 1 ነው። ድምሩን ብቻ የሚያይ መርማሪ ሯጩን ወደ ሐኪም፣ ልጅቱን ወደ ቤቷ ይልካል።

ለቅጹ ደራሲዎች እውነቱን እንመስክርላቸው። ከባድ ድብርት አለ ለማለት ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ምልክቶች ቢያንስ አንዱ መኖር እንዳለበት፣ ዘጠነኛው ደግሞ በጥቂቱ እንኳ ቢታይ እንደሚቆጠር ደንግገዋል። ጥፋቱ ደንቡን ትቶ ድምሩን ብቻ የሚይዘው ሰው ነው። ሆኖም ቅጹ ራሱም ከነቀፌታ አያመልጥም። እንቅልፍ ያጣውና እንቅልፍ የበዛበት፣ መብላት ያቃተውና ከልክ በላይ የሚበላው፣ እንቅስቃሴው የተጎተተበትና መቀመጥ ያልቻለው ሁሉ አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣሉ። ከዘጠኙ ሦስቱ ጥያቄዎች እንዲህ ተቃራኒ ነገሮችን አንድ ላይ ያስራሉ፤ በኋላ ወረቀቱን የሚያነበው ሐኪም የትኛው እንደ ሆነ አያውቅም።

የአማርኛውም ቅጽ ተመርምሯል። በአዲስ አበባ በተመላላሽ ታካሚዎች ላይ ተደርጎ በ2013 ዓ.ም. (በኤውሮፓ አቆጣጠር) በታተመ ጥናት 10ን ወሰን ሲያደርጉ ከ100 ሕመምተኞች 86ቱ ሲለዩ፣ ሕመሙ ከሌለባቸው 100 ሰዎች ግን የተለዩት 67ቱ ብቻ ናቸው፤ 33ቱ ያለ ሕመማቸው ይጠረጠራሉ ማለት ነው። እነዚያም ቢሆኑ ሐኪም ቤት የመጡ አዋቂዎች እንጂ ሯጮች ወይም ተማሪዎች አልነበሩም።

የዓለም አቀፍ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ሊቃውንት ይህን ችግር የተረዱት ይመስላል። በ2020 ዓ.ም. ዕድሜያቸው ከ16 ዓመት ጀምሮ ላሉ ታላላቅ ስፖርተኞች ባወጡት መመሪያ አስቀድሞ የሚቀርበው ስለ ስፖርተኛው የመንፈስ ውጥረት የሚጠይቅ ባለ 10 ጥያቄ ቅጽ ነው፤ ውጤቱ ከ10 እስከ 50 ይደርሳል። ስፖርተኛውን በገዛ ሥራው ቋንቋ መጠየቁን እናደንቃለን። ነገር ግን ከ17 በታች ያገኘ ሰው ወደሚቀጥሉት ቅጾች አያልፍም፤ «ፒ ኤች ኪው 9» የሚገኘው ግን እዚያ ነው። እንግዲህ ውጥረቱን የደበቀ ስፖርተኛ ዘጠነኛውን ጥያቄ ሳይሰማው ይሄዳል።

የሚደብቅበትም ምክንያት አለው። ናኦሚ ኦሳካ በ2021 ዓ.ም. በፈረንሳይ የቴኒስ ውድድር ለጋዜጠኞች መግለጫ ሳትሰጥ ስለ ቀረች 15,000 ዶላር ተቀጣች፤ ከውድድሩም በወጣች ጊዜ ከ2018 ዓ.ም. ጀምሮ ድብርት ሲመላለስባት እንደ ኖረ ገለጸች። እርሷ በዓለም የታወቀች ናት፤ ገና ስሙ ያልታወቀ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ለቡድኑ ይመረጥ ወይም ይቀር እንደ ሆነ የሚጠባበቅ ልጅ አሠልጣኙ ለሚያነበው ወረቀት ምን ብሎ ይመልሳል? ይህን የማይጠይቅ ቁጥር፣ ምንም ያህል በጥንቃቄ ቢደመር፣ የልጁን ፍርሃት እንጂ ሕመሙን አይለካም።

ስለዚህ ወረቀቱ በሐኪሙ ዘንድ ብቻ እንዲቀመጥ፣ ለአሠልጣኙም ልጁ መሥራት ይችላል ወይም ዕረፍት ያሻዋል ከማለት በቀር ምንም እንዳይነገረው እንላለን። ዘጠነኛው ጥያቄ ደግሞ ከድምሩ ተለይቶ፣ ወረቀት በመሙላት ሳይሆን ፊት ለፊት በቃል፣ ለወጣቱም ለአዋቂውም ለሯጩም ይቅረብ።