“ተክል ብቻ ነው”፦ ስለ ማሪዋና ለሕፃናት የተጻፈ መጽሐፍ ሲገመገም

ሪካርዶ ኮርቴስ ጽፎና ሥሎ እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ ያሳተመው “ተክል ብቻ ነው” የተሰኘ የሕፃናት መጽሐፍ፣ ማሪዋና የሚያጨሱ ወላጆች ለልጃቸው ምን ሊነግሩ ይገባል የሚለውን ጥያቄ በድፍረት ያነሣል። ጃኪ የተባለች ሕፃን እንግዳ ሽታ ከእንቅልፏ ይቀሰቅሳታል፤ ወላጆቿንም ሲያጨሱ ታገኛቸዋለች። እናቷ ከመቆጣት ይልቅ ወደ ገበሬና ወደ ሐኪም ትወስዳታለች፤ ስለ ሕጉም ከፖሊሶች ትሰማለች።

የእናቲቱ አለመዋሸት የመጽሐፉ ብርታት ነው። ደካማው ርእሱ ነው። ትምባሆም ጫትም (የእኛ አገር አንባቢ ይህን አይስተውም) ተክሎች ናቸው፤ ተክልነት ስለ ጉዳት የሚያስረዳው አንዳች ነገር የለም። ዕፁ ለአዋቂዎች እንጂ ለልጆች አለመሆኑ ለጃኪ ይነገራታል፤ ነገር ግን ልጅ ዕድሜን ብቻ እንደ በቂ ምክንያት አይቀበልም።

ታሪኩ የሚነሣው ከጢስ ነው። በኮሎራዶ እ.ኤ.አ. በ2014 ለአዋቂዎች በሱቅ መሸጥ ከጀመረ ወዲህ ግን ዕፁ በከረሜላና በቸኮሌት መልክም በየቤቱ ይገኛል። ይህን የበላ ሕፃን ከባድ ድብታና መንገዳገድ፣ አንዳንዴም የአተነፋፈስ መዳከም ይታይበታል፤ ምልክቱም ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ወላጅ አፍሮ ወይም ልጄን ይወስዱብኛል ብሎ ፈርቶ ዝም ሲል፣ ሐኪሙ የማጅራት ገትርን ወይም የጭንቅላት ጉዳትን በመጠርጠር ከሕፃኑ ወገብ ፈሳሽ እስከ መቅዳትና ሲቲ ስካን እስከ ማዘዝ ይደርሳል። የጃኪ እናት እዚህ ላይ እውነቱን የምትናገር ትመስላለች። ኮርቴስ ግን ጃኪን ከዚያ ከረሜላ ፊት አላቆማትም።