የዋቢ ዝርዝሩ ባለቤት ማን ነው?

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 10 ቀን 2019 «ጆርናል ኦፍ ኢንፎርሜትሪክስ» የተሰኘው የምርምር መጽሔት የአርትኦት ቦርድ አባላት በሙሉ ሥራቸውን ለቀቁ። መጽሔቱ ከ2007 ጀምሮ በኤልሰቪየር የሚታተም፣ የምርምር ጽሑፎች እርስ በርስ ሲጠቃቀሱ የሚፈጥሩትን መረብ በቁጥር በሚያጠናው የኢንፎርሜሽን ጥናት ዘርፍ ትልቅ ስም ያለው ነው። ዋና አርታኢው የኔዘርላንዱ ላይደን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሉዶ ዋልትማን ነበሩ። ለቀው የወጡት ምሁራን ወዲያው በኤምአይቲ ፕሬስ አሳታሚነት «ኳንቲቴቲቭ ሳይንስ ስተዲስ» የተባለ አዲስ መጽሔት አቋቋሙ። የመጽሔቱ ባለቤትም የሙያው ዓለም አቀፍ ማኅበር ሆነ።

ከኤልሰቪየር ጋር የነበረው ጠብ በሦስት ነገሮች ላይ ነበር። ቦርዱ መጽሔቱ የምሁራኑ ማኅበር ንብረት እንዲሆን ጠየቀ፤ ጽሑፋቸው ለሁሉም አንባቢ በነጻ እንዲቀርብ የሚሹ ጸሐፊዎች የሚከፍሉት ዋጋ እንዲቀንስም ጠየቀ። ሦስተኛው ጥያቄ ለውጭ ሰው እዚህ ግባ የማይባል ይመስላል፤ በየጽሑፉ መጨረሻ የሚሰፍረው የዋቢ ጽሑፎች ዝርዝር ማንም እንዲጠቀምበት ክፍት ይሁን የሚል ነው።

ከሦስቱ ከባዱ ግን ይኸኛው ነው። ተመራማሪው ጽሑፉን ሲያዘጋጅ ያነበበውን፣ የተማረበትንና የተከራከረውን ሥራ አንድ በአንድ ይመዘግባል። ለዚህ ድካም ጸሐፊው አይከፈለውም፤ ጽሑፉን የሚመረምሩት አቻ ገምጋሚዎችም እንዲሁ። ዝርዝሮቹ በሚሊዮን ሲከማቹ ግን ማን በማን ላይ ተመሥርቶ እንደሠራ የሚያሳይ መረጃ ይወጣቸዋል፤ መረጃውም ይሸጣል። ኤልሰቪየር ራሱ ከ2004 ጀምሮ «ስኮፐስ» የተባለውን የጥቅስ መረጃ ቋት ለዩኒቨርሲቲዎች በክፍያ ያቀርባል። ጥቅስ ማጥናት ሙያቸው የሆነ ምሁራን፣ በራሳቸው እጅ የጻፉትን ዝርዝር ለምርምር ሲፈልጉት መልሰው ለመግዛት የሚገደዱበት አሠራር ነበር። መልቀቃቸው ከስሜት የመነጨ እርምጃ ተደርጎ መታየት የለበትም። የሚያስተምሩትን በራሳቸው ቤት ተግባራዊ አደረጉ።

በኤፕሪል 2017 ዋቢ ዝርዝሮች እንዲከፈቱ የሚጠይቅ ዘመቻ ይፋ ሲሆን፣ በርካታ አሳታሚዎች ለክሮስሬፍ ያስገቡትን ዝርዝር ለሕዝብ ለቀው ነበር። ክሮስሬፍ ጽሑፎች በዲኦአይ ቁጥር እንዲለዩ የሚያደርግ የአሳታሚዎች ማኅበር ነው። ዝርዝራቸውን ካስገቡት ጽሑፎች መካከል የተከፈተላቸው ከ1 በመቶ ወደ 40 በመቶ አሻቀበ። ኤልሰቪየር ግን እስከ ዲሴምበር 2020 አልተቀላቀለም። ቦርዱ የጠየቀው ሦስተኛው ነገር ከለቀቀ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ተፈጸመ ማለት ነው፤ ለለውጡ ግፊት ያደረጉት ብዙዎች ቢሆኑም።

በዚህ ሙያ ከዚያ በፊትም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በ2013 የ«ጆርናል ኦፍ ላይብረሪ አድሚኒስትሬሽን» የአርትኦት ቦርድ፣ ቴይለር ኤንድ ፍራንሲስ ጸሐፊዎችን የሚያስፈርመው የመብት ውል ጠበቀብን ብሎ ለቀቀ። በነጻ እንዲነበብ ለሚፈልግ ጸሐፊ የቀረበለት አማራጭ በአንድ ጽሑፍ 2,995 ዶላር መክፈል ነበር። ቤተ መጻሕፍትን ስለማስተዳደር የሚጽፍ ባለሙያ ሥራውን በዚህ ውል አስረክቦ፣ ያንኑ ጽሑፍ መልሶ ለራሱ ቤተ መጻሕፍት በደንበኝነት ይገዛል። ሌላ መንገድ ግን አልጠፋም። ቶም ዊልሰን በ1995 የጀመሩት «ኢንፎርሜሽን ሪሰርች» ከጸሐፊም ከአንባቢም ሳንቲም ሳይጠይቅ ኖሯል። ወጪውን በዩኒቨርሲቲ ድጋፍና በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት ይሸፍናል።

ወደ አዲስ አበባ ስንመጣ ጥያቄው መልኩን ይቀይራል። የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ1990 ጀምሮ በድኅረ ምረቃ ደረጃ ይሰጣል። ትላልቆቹ አሳታሚዎች ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ለሚላኩ ጽሑፎች በአብዛኛው ክፍያውን ስለሚተዉ፣ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ከክፍያው ሊያመልጥ ይችላል። ይሁን እንጂ ምሕረቱ የአሳታሚው ውሳኔ ነው፤ ነገ ሊነሳ ይችላል። የተከፈተ ዋቢ ዝርዝር ግን ማንንም አያስፈቅድም። አንድ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የኢትዮጵያ ምሁራን ሥራ የት የት እንደተጠቀሰ ለማወቅ ሲፈልግ፣ ቋቱን ሳይገዛ በራሱ መቁጠር ይችላል፤ ጸሐፊዎቹ ዝርዝሩን ከነዲኦአይ ቁጥሩ በጥንቃቄ እስከሞሉ ድረስ።

ኢትዮጵያ በሴፕቴምበር 2019 በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ የዩኒቨርሲቲ ምርምር በነጻ እንዲነበብ የሚያዝ አገር አቀፍ ፖሊሲ አጽድቃለች። ፖሊሲው ስለ ጽሑፉ፣ ስለ መመረቂያ ጥናቱና ስለ ጥሬ መረጃው ይናገራል። ወደ ሁለቱ መጽሔቶች ስንመለስ፣ «ጆርናል ኦፍ ኢንፎርሜትሪክስ» በአዲስ አርታኢዎች መታተሙን ቀጥሏል፤ «ኳንቲቴቲቭ ሳይንስ ስተዲስ»ም እንዲሁ። በጥቅስ ላይ ጥናት ሠርቶ ረቂቁን ለጨረሰ ተመራማሪ ሁለቱም በሮች ክፍት ናቸው። የትኛውን እንደሚያንኳኳ ሲወስን የደረጃ ዕድገት ኮሚቴው የትኛውን መጽሔት እንደሚቀበል ማሰቡ አይቀርም፤ የመጽሔቱ ባለቤት ማን እንደሆነም ከዚያ እኩል ሊመዝን ይገባዋል።