ለገሃር ያለ ባቡር

አዲስ አበባ በሄድኩ ቁጥር የታክሲ ወያላዎች «ለገሃር! ለገሃር!» እያሉ ሲጣሩ እሰማለሁ። ቃሉ ፈረንሳዮች የባቡር ጣቢያን «ላ ጋር» ከሚሉት የመጣ ነው። ባቡሩ ሄዶ ስሙ ቀርቷል። የቀድሞው መስመር ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ የነበረው አገልግሎት ከተቋረጠ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር የመንገደኞች ጣቢያውን ከመሀል ከተማ አውጥቶ ለቡ ላይ አቆመው። ስለዚህ ዝውውር ሲነገር የምንሰማው ስለ ፍጥነትና ስለ ጭነት ነው፤ መንገደኛውን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው።

ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ሲሆን፣ ዛሬ የምናየው የለገሃር ሕንፃ የተመረቀው በ1929 ነው። ሕንፃው ያማረ ቢሆንም በእኔ አስተያየት ትልቁ ጥበብ ያለው በአቀማመጡ ነው። ፊቱን ወደ ከተማው አዙሮ ከቸርችል ጎዳና ግርጌ ቆሟል፤ ከደጃፉ የወጣ እንግዳ ማንንም ሳይጠይቅ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። በልጅነቴ ከአዋሽ ለሕክምና የመጣችውን አክስቴን ከእናቴ ጋር እዚያ ተቀብለናታል። እግሮቿ አብጠው ነበር። እናቴን ተደግፋ፣ ሁለት ጊዜ አረፍ ብላ፣ በዚያው ዐቀበት ላይ እስከሚገኘው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በእግሯ ደረሰች።

ጣቢያው ለምን ከቦታው ተነሣ ብዬ አልከስም። የአዲሱ ሐዲድ ስፋት ከቀድሞው ይበልጣል፤ በተጨናነቀ ከተማ መሀል ላሳልፈው ቢሉ የስንቱን ቤት ያስፈርሳል። በሙያዬም ቢሆን ኩላሊት ስንተክል በቀድሞው ኩላሊት ቦታ አናስቀምጠውም፤ ዝቅ አድርገን ከሆድ ግርጌ እናኖረዋለን፣ በደንብም ይሠራል። ቁም ነገሩ የደም ሥሮቹ መገናኘታቸው ነው። እነርሱ ካልተሰፉ የቦታው መልካምነት ብቻውን ሕይወት አይሰጠውም።

ለቡን የምነቅፈው በዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ የጀመረው የከተማው ቀላል ባቡር ለገሃር ላይ ማቆሚያ ተሠርቶለታል፤ ወደ ለቡ ግን አልተዘረጋም። ሁለቱ ባቡሮች በአንድ ከተማ፣ በአንድ ዘመን ተሠርተው ሳይገናኙ ቀሩ። የሩቁ ባቡር መንገደኛውን ከዳርቻ ያወርደዋል፤ የቅርቡ ባቡር ደግሞ የሩቅ ባቡር በሌለበት ቦታ ይጠብቀዋል።

«ከተማው ወደ ጣቢያው ያድጋል» የሚሉ አሉ፤ ምስክራቸውም ድሬዳዋ ናት። እውነት ነው፤ ሐዲዱ ወደ ሐረር ተራራ ሳይወጣ እ.ኤ.አ. በ1902 ሜዳው ላይ ሲደርስ፣ ጣቢያው ከተማ ወለደ። ነገር ግን ያን ጊዜ ከጣቢያው ጋር የጥገና ጋራዡ፣ የሠራተኛው መኖሪያና ዛፍ የተተከለበት ጎዳና አብረው ተሠርተዋል። የዛሬው አዲስ ጣቢያ ግን በዚያችው በድሬዳዋ እንኳ ከከተማው ውጭ ነው የቆመው።

የለገሃር ሕንፃ ሙዚየም ይሁን መባሉን እደግፋለሁ፤ ቅርስን ማፍረስ ለምደናልና። ሆኖም ጣቢያን ያህል ነገር የምንመዝነው በፊቱ ግርማ ወይም በአዳራሹ ስፋት ብቻ ሊሆን አይገባም። እግሮቿ ያበጡ አንዲት ሴት ዛሬ ማለዳ ለቡ ብትወርድ ሆስፒታል የምትደርሰው እንዴት ነው? ባቡሩ በገባ ሰዓት ከደጃፉ ተነሥቶ ወደ መሀል ከተማ የሚወስዳት አውቶቡስ ወይም ሐዲድ ያስፈልጋታል። ጣቢያው ተዛወረ የምለው ያን ጊዜ ነው።