ከቀለሙ ስር ያለ እጅ

ተቆርጦና ተበይዶ እንደ አዲስ የተገጣጠመ ሞተር ሳይክል ስትመለከቱ ሰልባትዮውን ለመጨረሻ አቆዩት። ቀለም ዓይን ይሰርቃል። አስቀድማችሁ ጎንበስ በሉና የቴላዮውን አንገት እዩ፤ የፊት ሹካው ከቴላዮው ጋር የሚገናኝበትን፣ መሪው የሚዞርበትን ቦታ። የፊት ጎማው የሚቀበለው ምት የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። የተጠነቀቀ በያጅ እዚያ ተጠንቅቋል፤ የቸኮለም እዚያው ይታወቅበታል።

የጥሩ ብየዳ መስመር ወጥ ነው። ወርዱ አይሰፋም አይጠብም፤ ጠርዙ ወደ ሁለቱም ቱቦዎች ሰምጦ ይገባል፤ ግራና ቀኙን ቦይ አይቆፍርም። መጥፎው ከላይ ተቆልሎ ይቀመጣል፤ ብረቱን ነካው እንጂ አልተዋሐደውም። ከሁሉም በላይ የምጠራጠረው ግን በግራይንደር ተልጎ፣ ስቱኮ ተለስኖ፣ መገጣጠሚያው የት እንደነበር እንኳ የማይለየውን ነው። ለውበት ሲሉ የሚያለሰልሱ ጎበዞች አሉ፤ እነሱ አስቀድመው በደንብ አስገብተው በይደዋል። ሌላው ሰው ግን ያችኑ ያለችውን ጥንካሬ ልጎ ጨርሷታል። ስለዚህ ብየዳውን ሳይሸፍን ያሳየኝን ሠራተኛ አከብራለሁ።

እንዲህ ዓይነት ሥራ ባየሁ ቁጥር የሚታወሰኝ ቤን ሃርዲ ነው። ሃርዲ በደቡባዊ ሎስ አንጀለስ ጋራዥ የነበረው ጥቁር አሜሪካዊ መካኒክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣው «ኢዚ ራይደር» የተባለው ፊልም ሁለት ሞተር ሳይክሎችን በዓለም ዙሪያ ዝነኛ አድርጓል፦ ሰልባትዮው የአሜሪካን ባንዲራ የለበሰው «ካፒቴን አሜሪካ» እና «ቢሊ»። ሁለቱንም በጋራዡ የገነባቸው ሃርዲ ነው። ንድፉን ያሰበውና ሥራውን ያስተባበረው ክሊፍ ቮስ ሲሆን፣ እሱም ለጥቁሮች መብት ከታገሉት የዘመኑ ወጣቶች አንዱ ነበር። መነሻቸው ፖሊስ ተጠቅሞባቸው በጨረታ የሸጣቸው አሮጌ ሃርሊ ዴቪድሰኖች ናቸው። ከእያንዳንዱ ዓይነት ሁለት ሁለት፣ በጠቅላላው አራት ተሠሩ።

በፊልሙ ላይ የሃርዲም የቮስም ስም አልሰፈረም። ሃርዲ እ.ኤ.አ. በ1994 ሲሞት ተዋናዩን ፒተር ፎንዳን የሚያውቅ ሞልቶ ነበር፤ ፎንዳ የተቀመጠበትን ቴላዮ ማን እንደቆረጠው የሚያውቅ ግን ጥቂት ነበር። ይህ ትልቅ በደል ነው። ዓይናችን ሰልባትዮው ላይ ሲቀር እንዲህ ያለው ሰው ይጠፋብናል።

ሥራው ምን እንደጠየቀ እናስተውል። የፊት ሹካን ማስረዘም ቀላል ይመስላል። ሹካው ብቻ ረዝሞ አንገቱ ባለበት ከቀረ ግን ሞተር ሳይክሉ በፊቱ ወደ ላይ ይነሣል፤ ጎማው መሬት የሚነካበት ቦታና የመሪው ዘንግ መስመር መሬት የሚደርስበት ቦታም ርቀታቸው ይለወጣል። ይህ ርቀት ሲበዛ በዝግታ በሚዞሩበት ጊዜ መሪው በራሱ ወደ ጎን መውደቅ ይፈልጋል፤ ሲያንስ በፍጥነት ላይ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ባለሙያው ይህን ርቀት እያሰበ፣ ፊቱ እንዳይነሣ አንገቱን ራሱን ቆርጦ፣ አዘንብሎ፣ እንደገና ይበይዳል። የቴላዮው የታችኛው ቱቦ ከመሬት ጋር ትይዩ ሆኖ ከቆመ አስቦበታል ማለት ነው። የ«ካፒቴን አሜሪካ»ን ፎቶግራፍ ስታገኙ ይህን መስመር ፈልጉ።

ያ ሞተር ሳይክል ከኋላ አሞርዛተር፣ ከፊት ፍሬን የለውም። ለካሊፎርኒያ አስፋልት ተሠርቷል፤ ከገንደ ውሃ ከተማ ወጣ ብሎ ወደ ሰሊጥ እርሻ በሚያስገባው መንገድ የነጂውን ወገብ ይሰብራል። እዚህ ቆላ ላይ የሠራተኛውን ችሎታ የምለካው በሌላ ነገር ነው። በፓራፋንጎውና በጎማው መካከል እጄን አስገባለሁ፤ እጅ የማያስገባ ከሆነ ክረምት ላይ ዋልካው ተጠቅጥቆ ጎማውን ያቆመዋል። አየር መሳቢያው ከፍ ብሎ ከመቀመጫው ስር ከተደበቀ፣ የበጋውን አቧራ ያወቀ ሰው ሠርቶታል። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት አገር በነፋስ የሚቀዘቅዝ ሞተር ፊት ላይ ጌጥ ወይም ሣጥን የሰቀለ ሰው፣ ሌላው ሥራው ቢያምር እንኳ ከእኔ ምስጋና አያገኝም። ሽቦዎቹ ከማርሚታው ርቀው ታስረዋል ወይ? በቀላሉ የሚታይ፣ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር ነው።

ጭነት መጫኛው ሰፊ ጉዳይ ነው። ሰሊጥ በኩንታል ይጫናል፤ ኩንታል 100 ኪሎ ነው። ይህ ሸክም ከኋላ ጎማው አክሰል ወደ ኋላ አልፎ ከተቀመጠ የፊት ጎማው ይቀላል፣ መሪው አይታዘዝም። ጥሩ ሠራተኛ መጫኛውን በተቻለ መጠን ወደ ነጂው ያስጠጋዋል። እግሮቹንም በቱቦው መሐል ሳይሆን ቴላዮው ራሱ በተጋጠመባቸው ቦታዎች አጠገብ ያሳርፋቸዋል፤ ቀጭን ቱቦ መሐሉ ላይ ተጭኖ ሲንቀጠቀጥ ይሰነጠቃል። በብየዳ ፈንታ በቡሎን የታሰረ መጫኛ ካየሁ ደስ ይለኛል፤ ሲሰበር ወርዶ ይጠገናል።

ከዚያ ሲባጎ ያዙና ከኋላ ጎማ ጎን ጀምራችሁ ወደ ፊት ጎማ ወጥሩት። ሁለቱ ጎማዎች እኩል ስፋት ካላቸው ሲባጎው አራቱንም ጠርዝ መንካት አለበት። የጎማዎቹ ስፋት ከተለያየ በግራም በቀኝም ወጥራችሁ ክፍተቱ እኩል መሆኑን ተመልከቱ። ካቴናውንም በዓይን ተከተሉት፤ ከተጣመመ የሚዞርባቸውን ጥርሶች በአንድ ወገን ይበላል።

የሠራው ማን እንደሆነ መጠየቅም የምርመራው አካል ነው። ምክንያቱን የሃርዲ ሥራዎች ያሳዩናል። ከአራቱ ሦስቱ ፊልሙ ሳይወጣ ተሰረቁ፤ አንዱ በቀረጻ ላይ ተሰባብሮ ቀረ። የተሰባበረው ነው የተባለ ሞተር ሳይክል እንደገና ተጠግኖ እ.ኤ.አ. በ2014 ጨረታ ላይ 1.35 ሚሊዮን ዶላር ወጣለት። ትክክለኛነቱን ያረጋገጠው ሰው ግን ቀደም ሲል ለሌላ ሞተር ሳይክልም ተመሳሳይ ማረጋገጫ ሰጥቶ ስለነበር ክርክር ተነሣ። ሃርዲ በሕይወት ኖሮ ቢጠየቅ የገዛ ብየዳውን ይለየው ነበር ብዬ አምናለሁ። በእኛም ገበያ ከነጋዴ የምትገዙ ከሆነ የበያጁን ስምና ሱቁን ጠይቁ፤ ከተገኘ ሞተር ሳይክሉን ይዛችሁ ሂዱና አንገቱን የት እንደቆረጠው በጣቱ እንዲያሳያችሁ አድርጉ።