ማሽኑ የሚለካው ጊዜን ነው

የአልትራሳውንድ ተማሪዎች የድምፅን ፊዚክስ ለፈተና ብቻ ሲሸመድዱት ሳይ ይቆጨኛል። የሰው ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርትዝ እንደሚሰማ፣ እኛ የምንሠራበት ድምፅ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 15 ሜጋኸርትዝ እንደሆነ አሳምረው ይነግሩኛል። ስክሪኑ ፊት ሲቀመጡ ግን ያ ሁሉ ይረሳና ምስሉን እንዳለ ያምኑታል።

ምስሉ የስሌት ውጤት ነው። ሰውነት ላይ በምናሳርፈው መሣሪያ፣ በፕሮቡ ውስጥ ያሉት ክሪስታሎች ኤሌክትሪክ ሲያገኛቸው ይርገበገባሉ፤ ተመልሶ የመጣው ማሚቶ ሲጫናቸው ደግሞ ኤሌክትሪክ ያመነጫሉ። ክሪስታል ሲጨመቅ ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጭ ዣክ እና ፒየር ኩሪ የተባሉት ወንድማማቾች ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1880 ነበር። ስለ ጥልቀት ማሽኑ በእጁ ያለው ድምፁ ወጥቶ እስኪመለስ የፈጀው ጊዜ ብቻ ነው። ጥልቀቱን የሚያገኘው፣ ድምፅ በሰውነት ውስጥ በሰከንድ 1,540 ሜትር ይጓዛል ብሎ በመገመት ነው። በዚህ ሒሳብ የአንድ ሴንቲሜትር ጥልቀት ደርሶ መልስ 13 ማይክሮሰከንድ ይፈጃል።

እኔ አጥብቄ የማስተምረው ይህን ግምት ነው። ስብ ውስጥ ድምፅ ቀሰስ ይላል፤ በሰከንድ ወደ 1,450 ሜትር ይወርዳል። ስለዚህ ድምፁ 5 ሴንቲሜትር ስብ አቋርጦ ካለፈ ማሽኑ ከሥር ያለውን አካል 3 ሚሊሜትር ያህል ዝቅ አድርጎ ያስቀምጠዋል። አልተበላሸም፤ በተሰጠው ቁጥር አስልቷል። እርማቱ የባለሙያው ፋንታ ነው።

ሁለተኛው ግምት ድምፁ በገባ ቁጥር በእኩል ልክ እየደከመ ይሄዳል የሚለው ነው። ማሽኑም ከጥልቅ የመጣውን ማሚቶ ያጎላል። ሽንት ግን ድምፅን እምብዛም አያደክምም፤ ከሽንት ፊኛ ጀርባ ያለው ሥጋ ከልክ በላይ የሚደምቀው ለዚህ ነው። ይህን ድምቀት በሽታ ብሎ የሚጽፍ ተማሪ አይጠፋም። የሐሞት ጠጠር በተቃራኒው ድምፁን አግዶ ከኋላው ጥቁር ጥላ ይጥላል። ተማሪዎቼን ከጠጠሩ ይልቅ ጥላውን ፈልጉ እላቸዋለሁ፤ ከሐሞት ከረጢቱ ግድግዳ የበቀለ ፖሊፕም ሊደምቅ ይችላልና፤ እንዲህ ያለ ጥላ ግን አብዛኛውን ጊዜ የለውም። በሽተኛው ጎኑን ሲቀይር ጠጠሩ ይንከባለላል፣ ፖሊፑ ካለበት አይነቃነቅም።

የድግግሞሽ ምርጫ ቀላል ነው። ድግግሞሹ ሲጨምር ሞገዱ ያጥራል፣ በ5 ሜጋኸርትዝ 0.3 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል፤ ምስሉም ይጠራል፣ ድምፁ ግን ቶሎ ይደክማል። ለእንቅርት ዕጢ ከፍተኛውን፣ ለጉበት ዝቅተኛውን የምንይዘው ለዚህ ነው።

ጄሉን ደግሞ እንደ ተራ ነገር የሚያዩት አሉ። በቆዳና በፕሮቡ መካከል ቀጭን አየር ከቀረ ድምፁ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ተንጸባርቆ ይመለሳል። ከቆዳው ጀምሮ ቀጥ ብሎ የወረደ ጥቁር ጥላ ስታዩ ጌይኑን (የማሚቶውን ማጉያ) አትንኩ፤ መጀመሪያ ጄል ጨምሩ፣ ፕሮቡን ጠበቅ አድርጉና እንደገና እዩ።