የአሞራ ገደል ማለዳ

የቤኒኑ ጋንቪዬ እና የካምቦዲያው ቶንሌ ሳፕ ውሃ ላይ በተሠሩ የዓሣ አጥማጆች መንደሮቻቸው ተጓዥን ይስባሉ። ሐዋሳ እንዲህ ያለ መንደር የላትም፤ ያላት የሐይቁ ዳር የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ነው። ባህል ለማየት ለሚሻ ሰው ግን፣ በእኔ ሚዛን፣ ይኸኛው ይበልጣል፤ የሚታየው ለእንግዳ የተሰናዳ ትርዒት ሳይሆን የዕለት እንጀራ ነውና። ማታ ሐይቁ ላይ የተዘረጋው መረብ ጎህ ሲቀድ ይነሣል፤ የእንጨት ጀልባዎቹ ዳር ሲይዙ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ከመረቡ ዓይን አንድ በአንድ ይፈለቀቃል። ቢላዋው ከጅራት ወደ ራስ ሲሄድ ቅርፊቱ ይረግፋል፣ ሥጋው ከአጥንቱ ይለያል፤ ጭንቅላቱና አንጀቱ ዳር ቆመው ተራ የሚጠብቁት የራሰ በራዎቹ ወፎች፣ የአባ ኮዳዎች ድርሻ ነው። ሁዳዴ ሲገባ ገበያው ይደራል (ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለው ክርክር ግን ዛሬም አላለቀም)።

«ይሸታል፣ ይዝረከረካል» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፤ ሽታ የጠላ ሰው ያረፈበት ሎጅ በረንዳ ላይ ቢቀመጥ ይሻለዋል። የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ጎብኚ ሲበዛ ሥራው ራሱ ለፎቶ ወደሚደረግ ጨዋታ ይለወጣል፤ አባ ኮዳም ለሥዕል ሲባል ይመገባል። ስጋቱ እውነተኛ ቢሆንም መልሱ መቅረት አይደለም። ካሜራ ከማንሳቱ በፊት ዓሣ የገዛ፣ ጠብሰው ሲያቀርቡለት ተቀምጦ የበላ ሰው ተመልካች መሆኑ ቀርቶ ደንበኛ ይሆናል። ደንበኛ ደግሞ ቆሻሻ ትቶ አይሄድም፦ ሐይቁ ከላይ የሚፈስ መውጫ ወንዝ የለውም፤ የተጣለበት እዚያው ይቀራል። ስለዚህ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስዎን ይዘው ይመለሱ።