ቶርቹን ስናሳንስ

አይሲፒ (ናሙናን በአርጎን ፕላዝማ አግሎ የሚመረምር መሣሪያ) ላይ የሚሠራ ኬሚስት የአርጎን ሂሳብ ባየ ቁጥር «ቶርቹ ለምን አይጠብም?» ማለቱ አይቀርም። ፕላዝማው የሚያዝበት የተለመደው ቶርች አንዱ በሌላው ውስጥ የገቡ የኳርትዝ ቱቦዎች ነው፤ የውጪ ቱቦው የውስጥ ስፋት 18 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ በደቂቃ 16 ሊትር ያህል ጋዝ ይፈጃል። በ200 ባር የተሞላ ባለ 50 ሊትር ሲሊንደር ከ10 ሰዓት ብዙም አያልፍም። ከዚህ ሁሉ ናሙናውን የሚሸከመው 1 ሊትር ቢሆን ነው፤ አብዛኛው ኳርትዙ እንዳይቀልጥ ግድግዳውን እየዞረ ያቀዘቅዛል።

ሁሉንም ልክ በግማሽ ቀንሶ መሥራት ግን አያዋጣም። ቶርቹን በሚከበው የመዳብ ጥቅልል የሚመላለሰው ጅረት ፕላዝማው ውስጥ የሚፈጥረው ሙቀት ከዳር ጥቂት ሚሊሜትር ገብቶ ይከስማል። ይህ ባሕርይ ለሥራችን ትልቅ ጸጋ ነው፤ ዳሩ እንደ ቀለበት ሲግል መሃሉ ቀዝቀዝ ስለሚል ናሙናው መንገድ ያገኛል። ቱቦው ሲጠብ ግን ቀለበቱ መሃሉን ይውጠዋል፤ ናሙናው በጎን እየሸሸ ያልፋል፣ ፕላዝማውም ኃይሉን በቅጡ አይቀበልም።

ፍሪኩዌንሲ ማሳደግ ይረዳል፤ ግን ሌላው ሁሉ ባለበት ሆኖ ፍሪኩዌንሲው እጥፍ ቢሆን የሚግለው ንብርብር የሚሳሳው በ30 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው። የብረት ዱቄት የሚያድበለብሉት ግዙፍ የኢንዱስትሪ ቶርቾች በአንጻሩ በጥቂት ሜጋኸርዝ ወይም ከዚያ በታች ይሠራሉ፤ ስፋታቸው ይፈቅድላቸዋል።

በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንግሊዛዊው ስታንሊ ግሪንፊልድ ሰፊና ኃይል የሚወድ ቶርች ይዞ ሲሠራ፣ አሜሪካ አዮዋ ውስጥ ቬልመር ፋሰል ጠበብ ወዳለው አዘነበለ። ዛሬ በየላቦራቶሪው ያለው የፋሰል ዝርያ ነው።

እኔ አርጎን ለመቆጠብ የቱቦውን ስፋት ሳይሆን በውጪውና በመካከለኛው ቱቦ መሃል ያለውን ክፍተት አስቀድማለሁ። ክፍተቱ ሲጠብ ያው ጋዝ በፍጥነት ይሽከረከራል፣ ግድግዳውን በደንብ ያቀዘቅዛል። ዋጋው የልክ ጥንቃቄ ነው፤ መካከለኛው ቱቦ በፀጉር ያህል ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ኳርትዙ በሌላው በኩል ሳይሆን በጠበበው ወገን ይነጣል፣ ቀጥሎም ይቀልጣል።

ትንሽ ቶርች ስፈትን በንጹሕ ውሃ የሟሟ ኢትሪየም እረጫለሁ። ከሥር ቀይ ጥይት መሳይ ነበልባል፣ ከበላዩ ሰማያዊ ይታያል። ቀዩ ከጥቅልሉ አልፎ ወደ ላይ ከረዘመ ናሙናው ለመበታተን ጊዜ አጥቷል ማለት ነው። ከዚያ ንጹሕ ውሃውን ትቼ፣ እንደ ባሕር ውሃ 3.5 ከመቶ ጨው ያለው ናሙና እሰጠዋለሁ፤ ሰፊው ቶርች የሚሸከመውን ትንሹ የሚከዳው እዚህ ላይ ነው።